የቀለመወርቅ ቀኝ ትከሻ

ቀለመወርቅ እንደ ሰው ማማተብ ካቃተው ሰነባብቷል። ጠዋት ሚኒባሱን አስነስቶ ከዓለም ባንክ ሰፈር ወደ አየር ጤና ሲሄድ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርስ እጁን ወደ ግንባሩ ይሰዳል፤ ግንባሩ ሳይደርስ ትከሻው ጨምደድ አድርጎ ይይዘዋል። ስለዚህ አንገቱን ደፍቶ ግንባሩን ወደ እጁ ያመጣል። እግዜር ይህችን ታህል አያኮርፍም ብሎ ነው። ከኋላ ያለው ተሳፋሪ ግን ሾፌሩን እንቅልፍ የወሰደው እየመሰለው በየቀኑ ይሳቀቃል።

ማርሹማ አይነሳ። ሦስተኛን የሚያስገባው ጥርሱን ነክሶ ነው። አራተኛን እርግፍ አድርጎ ትቶታል፤ ለነገሩ በዚያ መንገድ አራተኛ ማስገባት የቻለ ሰው ካለ ይቆጠር። ምን ነካህ ሲሉት "መኪናው አርጅቶ ማርሹ ጠጥሯል" ይላል። ውሸቱን ነው። ትከሻውን የበላው ማርሽ ሳይሆን ፑል ነው። የልጅ ልጅ ያየ ሰው፣ የእድር ዳኛ፣ ፑል ስጫወት ትከሻዬን ታመምኩ ብሎ ለማን ያወራል?

ነገሩ የጀመረው በለቅሶ ነው። ጎረቤቱ የኔሰው፣ ጡረታ የወጣው የጂኦግራፊ መምህር፣ ባለፈው ዓመት ሚስቱ እፀገነት ሞተችበት። ድንኳኑ ተነቀለ፣ አርባዋ ወጣ፣ ሰውም ወደየጉዳዩ ሄደ። የኔሰው ግን ከቤት አልወጣ አለ። መጋረጃ አይገልጥም፣ ጢሙን አይላጭም፣ ልጁ ሳምሪ ያቀረበችለትን ምግብ ነካ አድርጎ ይመልሳል። የእድሩ ሰዎች ቀለመወርቅን ጠርተው "ቅርቡ አንተ ነህ፤ ብቻውን አትተወው፤ አደራ" አሉት። አደራ ደግሞ እንደ ዕቃ አንድ ቦታ አስቀምጠውት የሚሄዱት ነገር አይደለም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ቀለመወርቅ ወዳጁን በግድ አስነስቶ አስፋልት ዳር ሲያንሸራሽረው ዝናብ ጣለ። ተሯሩጠው የገቡት ጀማል ፑል ቤት ነበር። እንዲሁ ቆመን ከምንጠብቅ ብለው ስቲክ ያዙ። ቀለመወርቅ በሕይወቱ ስቲክ ይዞ አያውቅም። ነጯን ኳስ እመታለሁ ብሎ ከጠረጴዛው ላይ አስፈናጠራትና የጀማልን የሻይ ፔርሙስ ገለበጠው። የኔሰው ሳቀ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር፤ ሆዱን ይዞ፣ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ቀለመወርቅም መድኃኒቱ ተገኘ አለ በልቡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀለመወርቅ ከሥራ ገብቶ እግሩን ሳይታጠብ፣ የኔሰው መጥቶ የግቢውን ቆርቆሮ በር በቁልፍ ኳ ኳ ያደርጋል። አይጣራም፣ አይገባም፤ ኳ ኳ ብቻ። ሁለቱ ተያይዘው ይሄዳሉ።

የጀማል ቤት ጠባብ ናት። ጠረጴዛው በአንድ ወገን ግድግዳውን ሊነካ ምንም አልቀረው። በዚያ ወገን የወደቀችን ኳስ ለመምታት የስቲኩን ቂጥ ወደ ጣሪያው ሽቅብ ማንሳት፣ ክንድን ከጆሮ በላይ መስቀል፣ ከዚያ እንደ መርፌ ቁልቁል መውጋት ያስፈልጋል። ልጆቹ እየሳቁ ያደርጉታል። ቀኑን ሙሉ ማርሽ ሲታገል የዋለ የሃምሳ ስምንት ዓመት ትከሻ ግን ከልጅ ጋር እኩል አይቀልድም። በክረምቱ መግቢያ ላይ ቀለመወርቅ አንዷን ኳስ ከግድግዳው ሥር ሲወጋ ትከሻው ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። "እህ!" አለ ሳያስበው። ቀና ሲል የኔሰው አቀርቅሮ የስቲኩን ጫፍ በጠመኔ ያሽ ነበር። እሰይ አልሰማኝም አለ ቀለመወርቅ፤ ጨዋታውም ቀጠለ።

ሚስቱ ዘመነች ፌጦ ወቅጣ ቀባችው፤ ቆዳው ተቃጠለ እንጂ ሕመሙ ንቅንቅ አላለም። ወጌሻ ዘንድ ሄደ፤ ወጌሻው በቅቤ ሲያሸው እንደ ሕፃን አስጮኸውና "ተሽሎሃል" ብሎ ሰደደው። በመጨረሻ አየር ጤና ያለች ክሊኒክ ገባ። ሐኪሟ እውነቱን እስኪያወጣ ድረስ ዐይን ዐይኑን እያየች ጠየቀችው። አወጣ።

"አባቴ፣ የትከሻዎ ጅማት ተቆጥቷል" አለችው። "ክንድዎን ከትከሻ በላይ አያንሱ። ፑሉን ይተዉት። ካልተዉት ግን መሪውንም የሚተዉበት ቀን ይመጣል።"

ያን ቀን አመሻሽ ቆርቆሮው ኳ ኳ አለ። ቀለመወርቅ ተነስቶ ሄደ።

"አንተ ሰው ጤና የለህም?" አለች ዘመነች ሲመለስ፣ ሸሚዙን ማውለቅ አቅቶት እጅጌውን እየጎተተችለት። "ንገረው፤ አሞኛል በለው። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?"

"ምን ብዬ ልንገረው? አሁን ገና ጢሙን መላጨት ጀመረ። ተውኩ ብለው ነገ ተመልሶ መጋረጃውን ይዘጋል።"

"አንተ ክንድህን አጥተህ እኔና ልጆችህ ምን እንብላ? የኔሰው በሳቀ እንጠግባለን?"

ደክሞት ነበር። ድካሙ የትከሻው ብቻ ሳይሆን፣ የሰው ሐዘን በሌላ ሰው ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ሲኖር የሚመጣ ድካም ነው፤ ተኝተው ቢነሱም አይለቅም። እንዲያውም አንዳንድ ቀን በሩ ሲንኳኳ የኔሰውን ይጠላዋል፤ ወዲያው ራሱን ይረግምና ጫማውን ያጠልቃል። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ እንደሁ ቅባትም ወጌሻም የለውም።

በመጨረሻ ያደረገው ነገር የኛ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን ነው። በራሱ አፍ መናገር አቃተውና ሰው ላከ። ለዘመነች "እስቲ ለሳምሪ ቀስ አድርገሽ ንገሪያት፤ እሷ ደግሞ ለአባቷ እንዳይከፋው አድርጋ ትነግረዋለች" አላት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዘመነች የራሷን ምሬት ጨምራ ነገረቻት፤ ሳምሪ ደንግጣ ለአባቷ ነገረችው። በቀለመወርቅ ልብ ውስጥ ለስላሳ የነበረ ነገር የኔሰው ጆሮ ሲደርስ እንዲህ ሆኖ ነበር፦ ጋሽ ቀለመወርቅ ፑል ወደው አያውቁም፤ አንተን ለማስተዛዘን ሲሉ ክንዳቸውን አጡ።

በማግስቱ በሩ አልተንኳኳም።

መጀመሪያ ላይ ደስ አለው፤ መዋሸት አያስፈልግም። እግሩን ታጠበ፣ ራቱን በትኩሱ በላ፣ ቀኝ እጁን ትራስ ላይ አሳርፎ ተጋደመ። እንዲህ ሰነበተ። ሕመሙ ቀስ በቀስ ሰከነ፣ ሦስተኛ ማርሽም ያለ ጥርስ መንከስ መግባት ጀመረች። ቀኑ ሲመሽ ግን ጆሮው በር በሩን ያዳምጣል። ነፋስ ቆርቆሮውን ሲያንገጫግጨው ቀና ይላል፤ ዘመነችም አይታ እንዳላየች ሆና ሥራዋን ትቀጥላለች። የዕረፍት ያለህ ሲል የከረመ ሰው ዕረፍቱ ሲመጣ የሚያደርገው ጠፋው። አደራ ተሸክሜአለሁ ሲል ለካ ራሱም ተደግፎ ነበር የቆመው።

እሑድ ሳምሪ ነጠላዋን እንዳጣፋች መጣች።

"ጋሼ፣ አባባ መጋረጃውን ዘግቷል" አለች። "ትናንት ምሳውን አልነካም። እርስዎ ዘንድ እንሂድ ስለው 'የሰው ክንድ በልቼ በየትኛው ዐይኔ አየዋለሁ' አለኝ።"

"ሰው ልላክበት?" አለ ቀለመወርቅ ከልማዱ።

"ኧረ በናትህ!" አለች ዘመነች ከጓዳ። "የላክኸው ሰው ነው እኮ እዚህ ያደረሰህ።"

እውነቷን ነው። ቀለመወርቅ ጋቢውን ለብሶ ወጣ። የኔሰው በር ላይ ሲደርስ ግን እግሩ ተያዘ። ምን ብሎ ይገባል? መንገዱ ዳር ለንጣፍ የመጣ ኮብልስቶን ተቆልሏል። ድንጋዩን ሲያይ አያቱ ትዝ አሉት። በእሳቸው አገር መንዝ ውስጥ ሰው ሰውን ከበደለ ድንጋይ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ተበዳዩ ይቅር ብሎ ድንጋዩን በእጁ እስኪያወርድለት ድረስ አይቀመጥም። ቀለመወርቅ ግራና ቀኙን አየ፤ የእድር ዳኛ ድንጋይ ሰረቀ እንዳይባል ነው። አንዱን ኮብልስቶን አንስቶ ትከሻው ላይ አኖረና በሩን በእግሩ ገፋ።

የኔሰው ጨለም ባለው ሳሎን ውስጥ፣ እፀገነት ትቀመጥበት የነበረው ሶፋ ትይዩ ተቀምጦ ነበር። ጢሙ አድጓል። በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ የቆመውን ሰው ከላይ እስከ ታች አየው።

"ምንድን ነው የተሸከምከው?"

"ድንጋይ ነው። በድዬሃለሁ። በአፌ ልነግርህ ሲገባ ሰው ላኩብህ። ይቅር በለኝ።"

"ተቀመጥ እስቲ፣ ሰው ይስቅብናል።"

"አልቀመጥም።"

የኔሰው ተነስቶ ቀረብ አለ። ድንጋዩን አየ፣ ትከሻውን አየ። ከንፈሩ ጫፍ ላይ የሆነች ነገር ተንቀሳቀሰች።

"በግራው ነዋ የተሸከምከው! ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ በጤነኛው ትከሻ ነው እንዴ?"

"ቀኙን ላንተ ሰጥቼ ጨረስኩት፤ ከየት ላምጣ?"

ለቀልድ ያለው ነበር። የኔሰው ግን አልሳቀም። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሁለት እጁን ድንጋዩ ላይ አኖረ፤ አላወረደውም።

"ቀለሜ፣ ይቅርታ ጠያቂው አንተ አይደለህም" አለ። "አውቅ ነበር።"

"ምኑን?"

"ያን ቀን፣ ግድግዳው ሥር፣ እህ ስትል ሰምቻለሁ። ጠመኔውን ሳሽ ነበር፤ አቀርቅሬ እስክታልፍልህ ጠበቅኩ። ከዚያም በኋላ ሁልጊዜ ፊትህ ሲጨማደድ አያለሁ። ይህ ሰው ታሟል፣ በቃህ ልበለው እላለሁ። ደግሞ በቃህ ካልኩት ወደዚህ ቤት ልመለስ ነው እላለሁ።" ወደ ባዶው ሶፋ በአገጩ አመለከተ። "ይህን ፈርቼ ዝም አልኩ። ክንድህ እያለቀ እያየሁ፣ ማታ ማታ መጥቼ በርህን አንኳኳሁ። ጓደኛ ነኝ እኔ?"

ተከትላው የመጣችው ሳምሪ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

ቀለመወርቅ ድንጋዩ ከበደው። ሊቆጣ ፈለገ፤ መቆጣትም የሚገባው ይመስለኛል። ያንን ሁሉ ምሽት ሕመሙን ሲደብቅ የደበቀው ከሚያውቅ ሰው ነበር። ግን የወዳጁን እጆች አየ፤ አሁንም ድንጋዩን እንደያዙ ናቸው። ቁጣው ከየት ይምጣ?

"እኔም ስታንኳኳ አንዳንድ ቀን ጠልቼህ አውቃለሁ" አለ። "ስትቀር ግን በሩን ሳይ ነው የምውለው። እንግዲህ ምን ታደርገኛለህ? አውርደው፣ ይህኛውም ትከሻ ሊሄድ ነው።"

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አለ የኔሰው፤ ድንጋዩንም ሁለት እጁን ሰዶ አወረደው። "አንተስ?"

"ይቅር ለእግዚአብሔር።"

ከዚያ ሁለቱም ተቀመጡ። የኔሰው እያመነታ እጁን ዘርግቶ የወዳጁን ቀኝ ትከሻ በጣቶቹ ፈለገው። "እዚህ ነው?" "ዝቅ በል። እህ! እዚያው ነው።" ማሸት አያውቅም፤ ቢሆንም አሸው። ሳምሪ መጋረጃውን ገለጠች፤ ማንም ዝጊው አላላትም።

በማግስቱ ሰኞ ነበር። መንገዱ ተዘጋግቶ ቀለመወርቅ አምሽቶ ገባ፤ ወንበር ላይ እንደወደቀ ጫማውን ለማውለቅ እንኳ አቅም አጣ። ዛሬ ባይመጣም አልቀየመውም ብሎ አሰበ። ቢመጣስ? ፑል አልችል፣ ወሬ አልችል፣ ደክሞኛል።

ቆርቆሮው ኳ ኳ አለ። ዘመነች ልትከፍት ስትሄድ፣ ከሐዘኑ ወዲህ አንድም ቀን ከበሩ አልፎ የማያውቀው ሰው ከውጭ ድምፁን አሰማ፦

"አይነሳ! ዛሬስ እኔ ነኝ የምገባው።"

ቀለመወርቅ ከወንበሩ ሳይነሳ አንገቱን ደፋና ግንባሩን ወደ እጁ አመጣ።