ውጤቱ የሚታየው እኛ ቤት ነው

ሰፈሩ ሁሉ ምላጭ ይላታል። ስሙን ያወጣላት የገዛ አባቷ ነው፤ መስታወት ቆራጭ ስለሆነ ስለት ያለውን ነገር ያውቃል። «የኔ መቁረጫ ከዚች ልጅ ምላስ አጠገብ ሲቀመጥ ማንኪያ ነው» ይላል።

የምርጫው ቀን ሲደርስ ግን ምላጭ በሆዷ የምታውጠነጥነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንድሟ ማታ አደባባይ እንዳይወጣ። ባለፈው ምርጫ ማታ የእናታቸው ታናሽ ወንድም «ውጤቱን ሰምቼ መጣሁ» ብሎ እንደወጣ ቀርቷል። እስከ ዛሬ መጣሁ እንዳለ ነው። ወንድሟ ደግሞ ቁመቱም ግትርነቱም ቁርጥ አጎቱን ነው።

«ውጤቱ ቴሌቪዥን ላይ ሲነገር ይቀንሳል?» አለችው ጠዋት።

«ከእማዬ ጋር ብቻዬን ተቀምጬ ምን ልሁን? አብሬያት ላልቅስ?»

«ጓደኞችህ እዚህ ቢመጡስ?»

ራሱን አከከ። እሱ ራሱን ሲያክ ግማሹን ተሸንፏል ማለት ነው። «እነሱ ከመጡ እቀመጣለሁ» አለ በመጨረሻ።

ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለች? ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች አራቱንም ጓደኞቹን በየቤታቸው ዞራ ጠራች። «ውጤቱ የሚታየው እኛ ቤት ነው። የኛ ቴሌቪዥን እንደናንተው መሀል ላይ አያንቀላፋም።» ተመልሳ ሳሎኑን ጠረገች፤ ከጎረቤት ወንበር ተዋሰች። እናቷ ገርሟት «ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ነው የወጣችው?» አለች። ምክንያቱን ስትሰማ ግን መጥረጊያውን ከእጇ ወስዳ ግንባሯን ሳመቻት።

ከሰዓት በኋላ አባቷን ልታግዝ ዋናው መንገድ ወረደች። አባቷ በዚያ ቀን መስታወት ገጣሚነቱ ቀርቶ ነቃይ ሆኗል። ባለሱቁ ሁሉ ሳይሰበርብኝ አውልቅልኝ ይላል። እሱ ዙሪያውን የያዘውን ቀጭን እንጨት በቢላ ይፈነቅላል፤ መስታወቱን በሁለት መዳፉ ይቀበላል፤ ምላጭ በጋዜጣ ትጠቀልላለች። መድኃኒት ቤቷ ጥርሷ የረገፈ አሮጊት መስላለች። ባለቤቷ ከመደርደሪያው ጀርባ ፍራሽ ዘርግታ ልታድር ነው። ልብስ ሰፊው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ አማቱ ቤት ሄዷል፤ ከአማቱ ጋር ሰላምታ እንኳ የላቸውም። ስልክ ከቀትር ጀምሮ አይሠራም።

«ኔትወርኩም ድምፅ ሊሰጥ ሄዶ ነው» አለች ምላጭ። ማንም አልሳቀላትም።

የመጨረሻው የፀጉር አስተካካዩ መስኮት ነበር። በየምርጫው ሰው ውጤት የሚጠብቀው እሱ ጋ ነው።

«እኔ ዘንድሮ ቴሌቪዥኔን አሸክሜ ቤቴ ልኬዋለሁ» አለ አባቷን። «የጠየቀኝን ሁሉ ወደ እናንተ ነው የጠቆምኩት። ሲኒማ ቤት ከፍታችኋል አሉ። ወንበር ይዤ ልምጣ ወይስ ይበቃል?»

አባቷ መስታወቱን አቅፎ እንደያዘ ቆመ። «ማነው ያለው?»

«ሰፈሩ ነዋ። የላይ ሰፈር ልጆችም ሰምተዋል። የፓርቲያቸውን ቲሸርት ለብሰው፣ እየዘፈኑ ነው የሚመጡት።»

ምላጭ አራት ብቻ ነው የጠራሁት ልትል አፏን ከፈተች፤ የአባቷን ፊት ስታይ መልሳ ዘጋችው። እሱ መስታወቱን ቀስ አድርጎ ግድግዳው ላይ አስደገፈ።

«ባለፈው ምርጫ አንዳንዶቹ ልጆች ከኋላ መንገድ ያለው የአስተማሪው ቤት ነበር የተሰበሰቡት» አለ ድምፁን ሳያነሳ። «በኋላ አከራዩ መስኮቶቹን ግጠምልኝ ብሎ ላከኝ። አንኳኳሁ፣ አንኳኳሁ። ከውስጥ የሚከፍትልኝ ሰው አልነበረም።»

ቤት ሲደርሱ ወንድሟ ጢሙን ተላጭቶ ወንበር ይደረድራል። አባቷ ቁጭ ሳይል ነገረው።

«ማን ነው ይሄን ያስወራው?» አለ ወንድሟ።

«እኔ» አለች ምላጭ። «አራቱን ብቻ ነው የጠራሁት። እንዳትወጣ ብዬ።»

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። እሱ ግን ጫማውን ፈለገ።

«ስልክ የለም። ጓደኞቼንም የላይ ሰፈሮቹንም መንገድ ላይ አግኝቼ ካልመለስኳቸው እዚህ በራችን ላይ ነው የሚጨፍሩት።»

«እኔ እሄዳለሁ» አለ አባቷ።

«አንተን አይሰሙህም አባዬ። ሽማግሌው ፈራ ብለው ይስቁብሃል።»

«እኔ ልሂድ» አለች ምላጭ። «የጠራኋቸው እኔ ነኝ።»

«አንቺማ ሌላ ሃምሳ ጨምረሽ ትመጫለሽ» አለና ወንድሟ ጆሮዋን ቆንጠጥ አደረጋት።

እናቷ ግን በሩን ዘግታ ቆማለች። በሁለት እጇ መቃኑን ይዛለች። «ይምጡ። ቤቱም ይፍረስ። አንተ አትወጣም።»

«እማዬ፣ ቤቱ ውስጥ እኮ አንቺም አለሽ። እሷም አለች።»

እናቷ መቃኑን አጥብቃ ያዘች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ከመቃኑ አላቀቃቸው፤ ጉንጯን ሳማት፤ ወጣ።

ሊመሽ ሲል ዘፈኑ ተሰማ። እየቀረበ እየቀረበ መጣና ማዕዘኑ ላይ ቆመ። ዘፈኑ ትንሽ ተወዛገበ፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ወደ አደባባዩ ራቀ።

«መለሳቸው» አለ አባቷ።

«መለሳቸው» አለች እናቷም። «አሁን ይመጣል።»

ምላጭ በሩን በጣት ስፋት ገርበብ አደረገችው። ጨለመ። ከአደባባዩ በኩል እንደ ርችት የሚፈነዳ ነገር ተሰማ፤ ግን ርችት ሰማይ ላይ ቀለም አለው። ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም። ከዚያ ብዙ እግር በሩጫ በመንገዱ አለፈ። እያንዳንዱን እግር አዳመጡ። አንዱም ወደ ደጃቸው አልታጠፈም።

ቴሌቪዥኑ ውጤቱን መናገር ጀመረ። ምላጭ ተነስታ ድምፁን አጠፋችው፤ የወንድሟን ኮቴ እንዳይሸፍንባቸው። ያሸነፈው ሰውዬ አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ እጁን ያወዛውዛል። ባዶዎቹ ወንበሮች ወደሱ ዞረው ተደርድረዋል። ሦስቱ ግን ጀርባቸውን ሰጥተውት በሩን ያያሉ።