ማን አጠበቀው፣ ማን አየው

ነሐሴ ፳፰ ቀን ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የድርጅቱ ላንድሮቨር ጭቃ እየረጨ መጥቶ አምቦ ከተማ ከተተከለው የለቅሶ ድንኳን ደጃፍ ቆመ። ሮማነወርቅ ፍራሹ ላይ እንደ ተቀመጠች ቀና ብላ አየች። መጀመሪያ የወረደው ጓድ ዘገየ ነው፤ ባሏ ሲያበርራቸው የነበሩትን የተባይ መርጫ አውሮፕላኖች የሚገጣጥመው ድርጅት ኃላፊ። ከኋላው ጥቁር ከረባት ያሰረው ቱፋ ተከተለ፤ እሱም እንደ ባሏ አብራሪ ነው።

«አለቆቹ መጡ» አለች አክስቷ በሹክሹክታ። «አሁን እንኳ ድምፅሽን አሰሚ። ለባሏ ሙሾ ያላወረደች ሴት በአምቦ አንቺ የመጀመሪያዋ መሆንሽ ነው።»

«ቃሉ አልመጣልኝም፣ እትዬ።»

ባሏ ተሻለ የሞተው ሰኞ ዕለት ነው። አዲስ የተገጣጠመችውን አውሮፕላን ለርጭት ሙከራ ከአዲስ አበባ አምጥቶ፣ ከጉደር ማዶ በማሳው ላይ ሲያዞራት ጭራዋ አልታዘዝ አለው። ቀድመው የደረሱት ገበሬዎች እጁን ከመሪው ላይ ማላቀቅ አቅቷቸው ነበር አሉ።

ዛሬ ማለዳ፣ ንፍሮ በሚቀቀልበት ጓሮ፣ የድርጅቱ አውሮፕላን ፈታሽ የነበረው ሌታ ብቻዋን አግኝቷት ነበር።

«ሮማነ፣ እኔ አላየኋትም» አላት፣ ዓይኑን ከእሳቱ ሳይነቅል።

«ማንን?»

«አውሮፕላኗን። ‹ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ሦስት አውሮፕላን በሰልፉ ላይ ማለፍ አለበት፣ አንተ ደግሞ ሥራ ታጓትታለህ› ብለው ከፍተሻ አንሥተው ዕቃ ቤት ከተቱኝ። የጭራዋን ብሎን ያጠበቀውም፣ አይቼዋለሁ ያለውም ያው ገጣጣሚው ነው። ተሻለ ሊነሣ ሲል ጠየቀ። ሌታ አይቷታል አሉት።»

«የመንግሥት ተቆጣጣሪ የሚባለውስ?»

«እሱማ ‹ራሳችሁ እዩት፣ እናምናችኋለን› ብሎ ማኅተሙን ለዘገየ ከተወለት ቆየ። ሲመጣም ለምሳ ነው የሚመጣው።»

«ሁለተኛዋን ማን ያበርራታል?»

«ቱፋ። ቅዳሜ ይሞክራታል።»

«ነግረኸዋል?»

ሌታ ጉንጩን አሸት አሸት አደረገ። «ሰው አስከትለውብኛል። ልጆች አሉኝ፣ ሮማነ።»

አልፈረደችበትም። ንፍሮውን አማስላ ወደ ድንኳኑ ተመለሰች።

ተሻለ ፈሪ ነበር። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ጀግና እያለ ሲያወድሰው፣ ሮማነወርቅ በልቧ አይደለም ትል ነበር። አንድ ጊዜ ወደ ጎጆ ከተማ ለሠርግ ሲሄዱ፣ ከቁልቁለቱ በፊት የጭነት መኪናውን አስቁሞ ወረደና ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ መታ መታ አደረገ። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ «ሰውዬ፣ አብራሪ ነህ ወይስ ጎሚስታ?» ሲለው ተሳፋሪው በሳቅ አለቀ። እሷ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ተሻለ ግን ቅር አላለውም። አጠገቧ ሲቀመጥ «ያጠበቀ ሰው የሚያየው ድካሙን ነው» አላት። «ብሎኑን እንዲያይ ሌላ ሰው ያስፈልጋል።» ለዚህ ነው ከመነሣቱ በፊት ሁልጊዜ ማን አጠበቀው፣ ማን አየው እያለ የሚጠይቀው። ሁለት ስም ካልሰማ አይወጣም። ሰኞ ዕለትም ሁለት ስም ሰምቷል።

የዕድሩ ዳኛ ኦቦ ኢዶሳ ለእንግዳው ንግግር ፈቀዱ። ዘገየ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጓድ ተሻለ ለአብዮታዊት እናት አገሩ የተሰዋ ጀግና ነው። ይሁንና ከተፈቀደለት ከፍታ ዝቅ ብሎ በመብረሩ…»

ሮማነወርቅ ብድግ አለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና፣ ማንም ሰምቶት በማያውቅ ወፍራም ድምፅ ጀመረች፦

*ማን አየልኝ ብሎ ቢጠይቅ ተሻለ፣*
*ያላየ ሰው ወጥቶ ታይቷል ታይቷል አለ።*

ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏት። በለቅሶ ቤት ሙሾ ሲነሣ ንግግር ይቆማል፤ ተናጋሪው አገረ ገዥም ቢሆን። ዘገየ ባርኔጣውን እንደ ያዘ ቆሞ ጠበቀ። ዋይታው ጋብ ሲል ቀጠለ።

«እንዳልኩት፣ አውሮፕላኗ በሚገባ ተፈትሻ…»

*ያጠበቀው ሰውዬ ራሱ አየሁ ሲል፣*
*ተሻለን ከሰማይ ማን ነው የሚቀበል?*

አሁን ወንዶቹም ከአግዳሚው ቀና ቀና አሉ። የቀበሌው ሊቀ መንበር የጫማውን ጭቃ ይመለከት ጀመር።

«ኦቦ ኢዶሳ» አለ ዘገየ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህ ለቅሶ ነው ወይስ ስብሰባ?»

«ስብሰባ ቢሆንማ ሥነ ሥርዓት ብለን እናስቆማት ነበር» አሉ ሽማግሌው። «ለቅሶ ነው። እርስዎም እንደ ሰው ‹ረቢ ሲን ሃ ጀጀቤሱ›፣ እግዜር ያጽናችሁ ይበሉና ይቀመጡ።»

አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ሮማነወርቅ ግን አልጨረሰችም። ወደ ቱፋ ዞረች፦

*ቱፋ ወንድም ዓለም ጠይቅ ሳትወጣ፣*
*ከል የለበሰች ሴት ሌላ እንዳትመጣ።*

ቱፋ ወደ አለቃው ዞረና ቀስ ብሎ «ጓድ ዘገየ» አለ፣ «የቅዳሜዋን ማን አየልኝ?»

«ተፈትሻለች።»

«ማን ፈተሻት?»

«ድርጅቱ።»

«ድርጅቱ እኮ ዓይን የለውም። የሰው ስም ይንገሩኝ።»

ዘገየ ዙሪያውን ቃኘ። አፉን ሊከፍት ሲል፣ የንፍሮ ሰፌድ ይዞ ከኋላ የቆመው ሌታ ቀደመው።

«የእኔን ስም ግን እንዳትጠሩ» አለ።

ሰፌዱንም እንደ ያዘ ወደ ፊት ወጣ።

«እንሂድ፣ ቱፋ» አለ ዘገየ። «መኪና ውስጥ እንነጋገራለን።»

«ለቅሶ ላይ ነኝ» አለ ቱፋ። ከረባቱን ፈታና ኪሱ ከተተ።

ላንድሮቨሩ ያለ እሱ ሄደ። ቱፋ የት እንደሚቀመጥ ጠፍቶት መሃል ቆሞ ሲቀር፣ ሮማነወርቅ ጉልበቷን ሰብስባ ፍራሹ ላይ ከጎኗ ቦታ ለቀቀችለት።

መስከረም ሁለት ቀን በሰልፉ ላይ አንድም አውሮፕላን አላለፈም። ቱፋና ሌታ እስከ ጥር ታሰሩ፤ ሮማነወርቅም ከምታስተምርበት የአምቦ ትምህርት ቤት ወደ ጎጆ በግዴታ ተዛወረች። የሁለተኛዋ አውሮፕላን ጭራ በጥቅምት ሲፈታ ብሎኑ በእጅ የሚዞር ሆኖ ተገኘ።