የማይከፈተው ሳጥን

የበደልኳት እኔ ነኝ፣ ነርሷን፣ ፊቷን እንኳ አይቼው የማላውቀውን ሴት፣ እሷ ምን አደረገችኝ፣ የጻፍኩትን የፕሮግራም መመሪያ አምና ተከተለች እንጂ፣ አሁን እሷ እንዳየችው ልየው ብዬ የኢንተርኔቱን ኬብል ነቅዬ በእጄ እንደያዝኩ ነኝ፣ ገጹ ፊቴ ተገትሯል፣ ልብ ይበሉ የሚል ሰማያዊ ሳጥን አለው፣ እጫነዋለሁ፣ አይከፈትም፣ ደግሜ እጫነዋለሁ፣ ድንጋይ። ውስጡ ያለውን በቃሌ አውቀዋለሁ፣ አዲሱን ፕሮግራም ከመጫንዎ በፊት የድሮውን መዝገብ ይቅዱ፣ አለበለዚያ ይጠፋል። ጠፋም። የሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሕፃናት የክትባት መዝገብ፣ ማን ምን ተከተበ፣ ማን ቀረው፣ እልም።

ሳጥኑን የሚከፍተው የኔ ጽሑፍ አይደለም፣ ሌላ ሰው የሠራው ላይብረሪ ነው፣ ገጹ በተከፈተ ቁጥር ከኢንተርኔት የሚጠራ ቅጥያ ኮድ፣ እሷ ያለችበት ጤና ጣቢያ ደግሞ ኢንተርኔት የለም፣ መመሪያው በፍላሽ ነው የደረሳት፣ አላወቅኩም ልበል እንዴ፣ ማንን ላታልል፣ ፕሮግራሙን በነፃ፣ ኮዱንም ለሁሉም ክፍት አድርገን የለቀቅነው እኮ እንደሷ ላለው ነው፣ መግቢያው ላይ አሳምሬ ጽፌዋለሁ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ብዬ፣ ይሠራላ፣ ፕሮግራሙማ ይሠራል፣ አፉን የሚዘጋው መመሪያው ነው።

ሽማግሌው ነግሮኝ ነበር። ኮዱን የሚጽፈው ልጅ ነው፣ ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ አዲስ ነገር ስለማይወድ ሽማግሌው አልነው፣ እትዬ፣ መመሪያ ተራ ጽሑፍ ይሁን፣ የሰው ኮድ ላይ አይንጠልጠል፣ ያ የቀረ ቀን ያንቺም አብሮ ይቀራል አለኝ፣ እኔ ደግሞ ምላሴ መች ያርፋል፣ አንተ ካረጀህ እኔ አብሬህ ላርጅ አልኩት፣ ቢሮው ሁሉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ፣ ከዚያ ወዲህ አንስቶት አያውቅም።

ውብ እንዲሆን ነበር የፈለግኩት። ትምህርት ያልጨረሰች ሴት የጻፈችው እንዳይመስል፣ እውነቱ ይኸው ነው፣ እኔ ማንበብ የለመድኩት ወንድሜ ለሱቁ መጠቅለያ ከሚያመጣቸው ከተቀዳደዱ መጻሕፍት ነው፣ አንዱ የሞተር ጥገና መጽሐፍ ነበር፣ ከገጽ አርባ ወደ አርባ አምስት ይዘላል፣ እዚያ መሀል ምን ነበር እያልኩ ስንት ቀን ተብከነከንኩ፣ የጎደለ ገጽን ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል፣ እኔው ገነጠልኩባት።

መልሴስ። መልሴስ። መጀመሪያ በስልኳ አጭር መልእክት ስትጽፍልኝ፣ ይቅርታ እትዬ፣ ሳልረዳው ቀርቼ ይሆናል፣ መዝገቡ ጠፋብኝ፣ እኔ ሆዬ፣ ስድስተኛው ተራ ላይ ተጽፏል፣ ማንበብ የሚሰለቸው ሰው ፕሮግራም ባይነካ ጥሩ ነው። ላክሁት። ሻይ ጠጣሁ። ዛሬ ጠዋት ሁለተኛው መልእክቷ፣ ብትቆጣ በተሻለኝ፣ እውነትዎን ነው፣ ሳላነብ ቀርቼ ነው ብዬ ለኃላፊዬ ፈርሜያለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ስለ ሥራዬ ይወስናሉ፣ ሌላ ሰው እንዳይሳሳት ብቻ ያንን ሳጥን ቢያዩት፣ እኔ ጋ አይከፈትም።

አሁን ሳጥኑን አፍርሼ ተራ ጽሑፍ ባደርገው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ድሮም እንደዚህ ነበር ማለት ይቻላል፣ አይቻልም፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ማን መቼ ምን እንደለወጠ ሁሉም ያያል፣ ደግሞ ባያይስ፣ ባያይስ አንቺ ሴትዮ።

ቁጥሯ መልእክቱ ላይ አለ፣ እደውላለሁ፣ ይጠራል፣ ከጀርባ ሕፃን ያለቅሳል፣ አቤት፣ ማን ልበል፣ ድምጿ የትልቅ ሰው ነው፣ ሳትበልጠኝ አትቀርም፣ እኔ እንደ ልጅ ነው የገረፍኳት፣ መመሪያውን የጻፍኩት ነኝ እላለሁ፣ ውይ እትዬ፣ አስቸገርኩዎት፣ ከእንግዲህ ቀስ ብዬ ነው የማነበው ትለኛለች፣ ኧረ በፈጠረሽ፣ ኬብሉ ጣቴ ላይ ተጠምጥሟል፣ እንዲህ እላታለሁ፦ እህቴ፣ እርስዎ የዘለሉት ነገር የለም፣ ለማሳመር ብዬ የደበቅኩብዎት እኔ ነኝ፣ ኃላፊዎን ያገናኙኝ፣ ያንን የፈረሙትን ወረቀት ይቅደዱት፣ በእሱ ቦታ የምፈርመው እኔ ነኝ።