ከኋላ የሚቆመው አናጢ

በፈውስ ጸሎት ቀን ፓስተሩ ከፊት ሆኖ እጁን ይጭናል፤ አናጢው ደግሞ ከኋላ ቆሞ የሚወድቀውን ይይዛል። ቀላል ይመስላል እንጂ ጥበብ አለው፦ አንድ እግር ወደ ኋላ፣ ሁለት እጅ በብብት ሥር፣ ከዚያ ሰውየውን ቀለሙ እንዳልደረቀ በር ቀስ አድርጎ ምንጣፉ ላይ ማስተኛት። በአሥር ዓመት አንድም ሰው አምልጦት አያውቅም።

ችግሩ ወገቡ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጎንበስ ባለ ቁጥር ከሕመሙ የተነሳ ኮከብ ያያል። ታዲያ ለምን አይጸለይለትም? «እኔ ፊት ከቆምኩ ከኋላዬ ማን ሊይዘኝ?» ይላል ለራሱ። እውነቱ ግን እፍረት ነው። ሆድ ይፍጀው ብሎ ለሚስቱ እንኳ አልተነፈሰም። የሚያንገበግበው የልጅ ልጁ ነገር ነው። ትንሿ እጇን ዘርግታ «አባባ፣ እቀፈኝ» ስትለው ላለመጎንበስ መነጽር የሚፈልግ ያስመስላል፤ መነጽሩ አፍንጫው ላይ እያለ! እሷም ሰሞኑን መጠየቁን እየተወች መጥታለች። ይሄ ደግሞ ከወገቡ ይብስ ያመዋል።

በዚያ እሁድ ዳቦ ጋጋሪዋ ጉልበቷን ልታስጸልይ ወጣች። ዱቄት በጆንያ የምትሸከም፣ ቁመቷም ስፋቷም የማይናቅ ሴት ናት። አናጢው ገና ሲያያት «ጌታ ሆይ፣ ይቺን እንኳ እንደቆመች ፈውሳት» ብሎ ከልቡ ጸለየ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ፓስተሩ ገና እጁን ሳይጭንባት ሴትዮዋ ወደ ኋላ ተገነደሰች። አናጢው መያዝስ ያዛት፤ ግን ተያይዘው ወረዱ። ከሥሯ «ቋ!» የሚል ድምፅ እስከ መጨረሻው ወንበር ተሰማ።

«መንፈስ ነካሽ እህቴ?» አለ ፓስተሩ።

«ኧረ ምን ነክቶኝ! ጫማዬ ነው ያንሸራተተኝ። ይልቅ ከሥሬ ያለው ሰውዬ ይተነፍሳል?»

ይተነፍሳል። ይስቃልም። ተነሳ፣ ጎንበስ አለ፣ ቀና አለ፣ ደግሞ ጎንበስ አለ። ኮከብ የለም! ልቡ ጮቤ ረገጠች። «ወገቤ! ወገቤ ዳነ!» እያለ በአዳራሹ መሀል ይዘል ጀመር።

«ፓስተር፣ ይሄ ተአምር ነው ወይስ እኔ ወጌሻ ሆኛለሁ?» አለች ጋጋሪዋ መሬት ላይ እንደተቀመጠች። «የኔ ጉልበትስ?»

ፓስተሩ ሳቁን መግታት አቅቶት እንባውን ጠረገ። «አላውቅም እህቴ። እውነቱን ነው የምነግርሽ፣ አላውቅም። መጸለያችንን ግን አንተውም።»

አናጢው ማዶ የበረረውን ጫማዋን አመጣና ተንበርክኮ እግሯ ላይ አጠለቀላት። ጎንበስ ማለት የማይችል ሰው ጫማ እንዴት እንደሚያደርግ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

እንደተንበረከከ ትንሿ የልጅ ልጁ ወንበር ላይ ከተቀመጠችው ሚስቱ እጅ አምልጣ መጣች፤ ምንም ሳትጠይቅ አንገቱን ይዛ ጀርባው ላይ ወጣች።

«ውረጂ! ወገቡን ያመዋል!» ብላ ሚስቱ ጮኸች።

አናጢው ዞር አለ። «ታውቂ ነበር እንዴ?»

«መነጽርህን አፍንጫህ ላይ ስትፈልግ እያየሁህ? ሁለት ዓመት ሙሉ ለማን ስጸልይ የከረምኩ መሰለህ?»

አናጢው ልጅቷን ከጀርባው አወረደና፣ ከመሬት ብድግ አድርጎ አቀፋት። እሷም ገና እቅፉ ውስጥ እንደገባች መነጽሩን ከአፍንጫው ላይ ነጠቀችው።