የቀይ ገደል ውሃ

«እዚህስ ውሃ አለ?» አለች ታንጉት፣ አንዲት ሽምብራ በሁለት ጣቶቿ ይዛ።

አያ ዑስማን ከመደቡ ላይ ዘንበል ብለው ወለሉን አዩ። ከበሩ እስከ ምሰሶው ድረስ ከቡሬ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ተዘርግቷል። ባቄላው ማደሪያ ነው፤ ሽምብራው ውሃ፤ ጠጠሩ ገደል። ዘዴውን ያመጣችው ታንጉት ናት። ሽማግሌው መጀመሪያ ስቀውባት ነበር፤ አሁን ግን አንዲት ባቄላ ያለቦታዋ ብትቀመጥ ይቆጣሉ።

«የቀትሩን ሰላት እዚያ ነው የምንሰግደው» አሉ። «ትልቅ ሾላ አለች። ጥላዋ ለሃያ በቅሎ ይበቃል።»

ታንጉት ሽምብራዋን አስቀመጠች።

አያ ዑስማን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቡሬ ጨው ጭነው ዓባይን እየተሻገሩ ከሆሮ ቡና ያመጡ ነጋዴ ናቸው። ዛሬ ጉልበታቸው ከድቷቸው ከመደብ አይወርዱም፤ መንገዱን ግን እንደ ጓሯቸው ያውቁታል። ታንጉት ደግሞ የማንኩሳ ገበሬ ሚስት ናት፤ ቆላ ወርዳ አታውቅም። ገበያ ባይሆን ኖሮ ከዚህ ቤት መግባቷ ያስጠይቅ ነበር። ቅዳሜ ግን ጨው ልገዛ ነው ብላ የመጣችን ሴት ጣልያንም ባንዳም ዞር ብሎ አያያትም።

የመጣችው በባሏ ጦስ ነው። ተስፋው ባለፈው ሳምንት የጣልያንን የስልክ ሽቦ ቆረጠ። መቁረጡስ ባልከፋ፤ ሁለት ክንድ ያህል ቤቱ አምጥቶ የዶሮውን ቤት በር አሰረበት። ጀግንነቱን ዶሮዎቹ መሰከሩበት። አሁን በወንድሙ ጎተራ ተደብቋል፤ ሰኞ አሰሳ እንደሚጀመር ተሰምቷል። ነገ ማታ ሁለቱም ካልወጡ የተስፋው ነገር አበቃ። ሆሮ ላይ የታንጉት አክስት አለች፤ እስከዚያ አምስት ቀን ነው።

ታንጉት ከልቧ ፈርታለች። ግን መንገዱ ወለሉ ላይ እየረዘመ ሲሄድ ፍርሃቷን ረስታ ጠያቂነቷ ተነሣባት። ሣሩ ምን ይመስላል? ዝንጀሮው ሰው ይፈራል? ንዳድ የሚይዘው በቀን ነው በሌሊት?

«ኧረ ልጄ፣ ከመንገዱ ይልቅ አንቺ አደከምሽኝ!»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያሉኝ እርስዎ አይደሉ? በሉ፣ ሦስተኛው ቀን።»

«ሦስተኛው ቀን ቀይ ገደል ነው።» ዑስማን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «መሬቱ ሁሉ ተሰነጣጥቆ ጎርፍ የበላው ነው። ሣር የለ፣ ዛፍ የለ። አንዱን ሸለቆ ወጣሁ ስትዪ ሌላው ይጠብቅሻል። የቀትሩን ከገደሉ አናት ሰገድን፣ የከሰዓቱን ከሥሩ፣ የምሽቱን ደረቁ ወንዝ ላይ። በማግስቱ ቀትር ዓባይ ነው።»

ታንጉት ሦስት ሽምብራ ደረደረች። ደስ አላት፤ ክፉ የተባለው አገር ከሁሉም የበለጠ ውሃ ኖሮታል። ወዲያው ግን ጥያቄ መጣባት።

«አያ ዑስማን፣ ከገደሉ አናት ላይ ያለው ምንጭ ነው ጉድጓድ?»

«የምን ምንጭ?»

«የታጠባችሁበት ነዋ! ሳትታጠቡ አትሰግዱም። ነጋዴዎቹ ገበያ ሲመጡ ከወንዙ ዳር ሲታጠቡ ሁልጊዜ አያለሁ።»

ሽማግሌው ሽምብራዎቹን ተመለከቱ። ከዚያ እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«ያ አላህ! ይህ ሁሉ ሽምብራ ሰላት ነው እንዴ? ልጄ፣ ውሃ ከሌለ በንጹሕ አፈር ነው የምንታበሰው። እጅና ፊታችንን እንዲህ፣ እንዲህ አድርገን። እስከ ቀይ ገደል ምንጭ አይጠፋም፤ ከዚያ እስከ ዓባይ ግን አንዲት ጠብታ የለም። እኛ የምንጠጣውን በበቅሎ ጭነን ነበር!»

ታንጉት ሦስቱን ሽምብራ አንድ በአንድ አነሣች። ሁለት ቅል ነው ያዘጋጀችው። በሶው፣ ቆሎው፣ ለንዳድ የያዘችው ነጭ ሽንኩርት ሁሉ ተሟልቷል፤ ግን በሁለት ቅል ውሃ ሁለት ሰው አንድ ቀን ተኩል በዚያ ፀሐይ አይሄድም። ባትጠይቅ ኖሮ ባሏን ይዛ እዚያ ትቀር ነበር።

«ዙለይካ» ሲሉ ሚስታቸውን ጠሩ ዑስማን፣ «ያችን ስልቻ አምጪያት።»

ዙለይካ ከጓዳ አንዲት ጥቁር የውሃ ስልቻ ይዛ መጣች። በየወሩ ቅቤ ስለምትቀባት ቆዳዋ ዛሬም ልስልስ ነው። ስልቻዋ ስድስት ቅል ውሃ ትይዛለች።

«ውሰጃት። ግን አንድ ነገር እወቂ» አሉ ዑስማን። «የፍየል ቆዳ ናት። ያረድኳት እኔ ነኝ፣ ቢስሚላህ ብዬ። ደብቄሽ ከቤቴ አትወጪም።»

ታንጉት ስልቻውን ይዛ ቆመች። ለእሷ ነገሩ አዲስ ነው፤ የእስላም እጅ ያረደውን ሥጋ ክርስቲያን እንደማይበላ ታውቃለች፣ ስለ ቆዳው ውሃ ግን ማንም ነግሯት አያውቅም። ተስፋው ደግሞ የባሰበት ነው። አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ ቢላዋው ከእስላም ቤት የተዋሱት ነው ስላሉት ብቻ ጾሙን አድሮ ተመልሷል።

«ካህን ልትጠይቂ ነው?» አለች ዙለይካ በቀስታ።

«ጊዜ የለኝም እትዬ።»

ወደ እንስራው ሄዳ ጨለፈች፣ ስልቻውን ሞላች፣ አፏን ከአፉ አድርጋ ጠጣች። ጭስ ጭስ ይላል። እንደገና ጠጣች።

«ውሃ ውሃ ነው የሚለው» አለች አፏን እየጠረገች።

ዑስማን በግርምት አዩአት። «ተስፋውስ? ማን አረዳት ቢልሽ ትዋሺዋለሽ?»

«አልዋሸውም።» ታንጉት የስልቻውን አፍ በጠፍር አጥብቃ አሰረችና በነጠላዋ ሸፍና አዘለችው። «ቀይ ገደል ስንደርስ እነግረዋለሁ።»