ፊሽካ የመንገድ ነው

ልጄ ዞለካ ስታገባ ብርድ ልብስ፣ ትልቅ ድስትና ፊሽካ ሰጠኋት። ብርድ ልብስና ድስት ሁሉም እናት ይሰጣል። ፊሽካውን በቀይ ክር አንገቷ ላይ ሳስርላት ግን የባሏ አክስቶች ሳቁብኝ።

"ማምቶሎ፣ ልጅሽን ለኳስ ዳኛ ነው እንዴ የዳርሻት?" አለችኝ አንደኛዋ። ማምቶሎ የጎሳዬ መጠሪያ ነው፤ ባለትዳር ሴት በእኛ ዘንድ በስሟ አትጠራም።

"ይሳቁ ግድ የለም፤ ብቻ ከአንገቷ እንዳይወርድ" አልኩ።

በእኛ ሰፈር ፊሽካ የሌለው ቤት የለም። ከኬፕ ታውን በባቡር ሲመጡ ከሐዲዱ ባሻገር ያለው አሸዋማ ሰፈር የእኛ ነው። ሕጉን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። መንገድ ላይ ክፉ ሰው የያዘው ሰው ፊሽካ ይነፋል። የሰማ ሁሉ የያዘውን ጥሎ፣ ዱላ አንስቶ መንገድ ይወጣል። ዘራፊ አንድን ሰው አይፈራም፣ ሰፈር ሙሉ ሰው ግን ይፈራል። ይህን ሕግ ካወጣን ወዲህ ከታክሲ ማቆሚያው እስከ ቤታችን ያለው መንገድ ቀለል ብሎልናል።

የዞለካ አባት የሞተው ሕጉ ሳይወጣ በፊት ነው። ከባቡር ሲወርድ ዘራፊዎች ስልኩን አምጣ አሉት፣ እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ ፍርሃት አብሮኝ ተቀመጠ። ለዞለካ መውጫዋም መግቢያዋም ምክር ነበር፦ ታክሲ ውስጥ ስልክሽን አታውጪ፣ ቦርሳሽን ወደ ፊት ያዢ፣ ደመወዝ ቀን ብቻሽን አትሂጂ፣ ከኋላሽ የሚመጣ ሰው ካለ የማታውቂው ቤት ቢሆንም ግቢ። እሷ ደግሞ ከኋላዬ ቆማ ድምፄን እያስመሰለች ትደግመው ነበር። ትስቅ እንጂ አንዱንም አልተላለፈችም። ጎበዝ ልጅ ነበረች።

ሉንጊሳን ስታመጣልኝ ልቤ ያረፈው ለዚህ ነው። ከሰፈሩ ወንዶች ፊሽካ ሲነፋ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነበር። እሁድ እሁድ የሚያብረቀርቅ የጥበቃ ሰደርያ ለብሶ ሴቶችን ከቤተ ክርስቲያን የሚሸኘው እሱ ነበር። ጨዋም ነው። በወጋችን አማች የሚስቱን እናት ፊት ለፊት አያይም፤ እሱም አንድ ቀን ዓይኑን ቀና አድርጎ አይቶኝ አያውቅም። እኔም ወጌን ጠበቅሁ። የሴት ልጅ እናት ሳትጠራ የአማቿን ግቢ አትረግጥም፣ ጉዳይ ካላት ሰው ትልካለች። ቤታቸው ከእኔ ቤት ትንሽ ከፍ ብሎ ነው፤ ጭሱን ከደጃፌ ሆኜ አየዋለሁ። እንዲያም ሆኖ እንደ ሩቅ አገር ነበር።

ፊደል መማር የጀመርኩት በዞለካ ምክንያት ነው። ፖሊስ በየሦስት ወሩ የሀገሪቱን ወንጀል ቆጥሮ ያወጣል። ሬዲዮ ያነበዋል፣ ግን እየሮጠ ስለሚያነብ አይያዝልኝም። የልጄ መንገድ እየከፋ ይሁን እየተሻለ ራሴ አንብቤ ማወቅ ፈለግሁ። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ቅዳሜ ጠዋት ትልልቅ ሰዎችን የምታስተምረው ቴምበካ "ምን ማንበብ ትፈልጋላችሁ?" ብላ ስትጠይቀን፣ ሌላው መዝሙር አለ፣ እኔ "የወንጀሉን" አልኩ።

"እኔ ደግሞ የሎተሪውን" አሉ አባባ ምፒንጋ። ከክፍሉ ሁሉ ሽማግሌ እሳቸው ናቸው፤ መነጽራቸው አንድ እግር የለውም።

ቴምበካ በቋንቋችን የሚታተመውን ጋዜጣ አምጥታ በየወንበሩ አደለች። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። "በ-መን-ገድ ላይ የሚ-ፈ-ጸም ዘ-ረ-ፋ... ቀን-ሷል።"

ቀንሷል! ያችን ቃል ያለማንም እርዳታ ነው ያነበብኳት። ሰዉ አጨበጨበልኝ።

"ማምቶሎ ስታነብ ዘራፊው ደነገጠ" አሉ አባባ ምፒንጋ።

"ይቀጥሉ እንጂ፣ ከሥሩ ያለውንም" አለችኝ ቴምበካ።

ከሥሩ ያለው በሴቶች ላይ ስለሚደርሰው ነበር። በመኖሪያ ቤት የሚፈጸመው ጨምሯል ይላል። ቃል በቃል አወጣሁትና "ይኼማ በር ሰብሮ የሚገባው ነው። ብረት በር ማስገባት ነው መፍትሔው" አልኩ።

ቴምበካ አንገቷን ነቀነቀች። "አይ እማማ። ቀጥሎ ያለውን ያንብቡት። 'በሚያውቁት ሰው' ይላል። በር የሚሰብረው አይደለም፤ ቁልፍ ያለው ነው።"

አባባ ምፒንጋ መነጽራቸውን አወለቁ። ከአጠገቤ የተቀመጠችው ጎረቤቴ ማድሎሞ ጋዜጣዋን አጥፋ ከመጽሐፍ ቅዱሷ ሥር ከተተችው።

ዞለካ ሐሙስ ሐሙስ ከሱፐርማርኬቱ ሥራዋ ስትወጣ በእኔ በኩል ታልፍ ነበር። ሻይ አፈላለሁ፣ ዳቦ በማርጋሪን ቀብቼ እሰጣታለሁ። በዚያ ሐሙስ አሸዋው ይፋጅ ነበር፤ እሷ ግን እጅጌው እስከ መዳፏ የሚደርስ ሹራብ ለብሳለች።

"ሹራቡን አውልቂው እንጂ፣ ትቀቀያለሽ።"

"ሥራ ቦታ ማቀዝቀዣው ብርድ ነው፣ እማ።"

"እዚህ ማቀዝቀዣ የለም።"

ሻይዋን በግራ እጇ አነሳች። ዞለካ ግራኝ አይደለችም።

ጋዜጣውን አወጣሁና ያንን መስመር በጣቴ እያሳየሁ አነበብኩላት። እስክጨርስ ጠበቀችኝና ጮክ ብላ ሳቀች።

"ጉድ ነው! ድሮ የምትፈሪው ውጭውን ነበር። ፊደል ስትቆጥሪ ቤቱም ተጨመረ!"

"ይመታሻል ወይ?"

ሳቋ እንደ ክር ብጥስ አለ። ፍርፋሪውን ከጠረጴዛው ላይ በጣቷ ጫፍ ለቀመች። "ከወር በኋላ የሥራ ፈረቃዬ ይቀየራል። ያን ጊዜ ደህና ይሆናል። የሚናደደው ሳመሽ ነው" አለች።

"ነይ ወደ ቤትሽ። አልጋሽ እንዳለ ነው።"

"ጥሎሹስ? ላሞቹ ተበልተዋል እኮ፣ በምን እንመልሳቸዋለን፣ እማ? አጎቶቼ ምን ይላሉ? ሰፈሩስ? ሉንጊሳ እኮ ነው! እኔን ማን ያምነኛል?"

"እኔ አምንሻለሁ። እንግዲያው ፊሽካውን ንፊ።"

ከሹራቧ ሥር ቀዩን ክር ጎትታ አወጣችው። አላወለቀችውም ነበር። "ፊሽካ የመንገድ ነው። ቤት ውስጥ ሆኖ ፊሽካ የሚነፋ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

"አንቺ ንፊው ብቻ። እኔ እመጣለሁ።"

ጉንጬን ሳመችኝና ወጣች። እስክትታጠፍ በር ላይ ቆሜ አየኋት። ቦርሳዋን እንዳስተማርኳት ወደ ፊት ይዛ ነበር።

በነጋታው ወንድሜን ጠራሁትና ወደ ሉንጊሳ አጎቶች ላክሁት፤ ወጉ እንደዚያ ነው። እነሱም በሚቀጥለው ሳምንት ተሰብስበን እንነጋገር አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ፀሐይ ገና ከፍ ብላለች። ወንዶቹ መኪና ያጥባሉ፣ ከየቤቱ የኳስ ጨዋታ በሬዲዮ ይሰማል። ሰው ክፉ ነገር የማይጠብቅበት ሰዓት ነው። ልብስ እያሰጣሁ ሳለ ፊሽካ ተነፋ። አንድ ጊዜ፣ አጭር፣ ከላይ ከእነ ዞለካ በኩል። ከዚያ ዝም።

ሰፈሩ ገንፍሎ ወጣ። መጥረጊያ እንጨት የያዘ አለ፣ የአካፋ እጀታ የያዘ አለ፣ ማድሎሞ የወጥ ጭልፋ ይዛ ነበር። እኔ እርጥብ አንሶላ እንደያዝኩ ሮጥኩ። መንገዱን ላይና ታች አየነው። ባዶ ነው። አንድ ውሻ ተኝቷል።

እኔ ግን ወደ ላይ እየሮጥኩ ነበር። እነ ዞለካ በር ላይ ስደርስ ሉንጊሳ ዱላውን ይዞ ከቤት ወጣ። ሰደርያውን ለብሷል፣ ጫማ አላደረገም።

"ወዴት ሮጡ?" ብሎ ጮኸ። ማንም ሳይመልስለት በዱላው ወደ ሐዲዱ አሳየ። "በዚያ ነው! በሐዲዱ ዙሩባቸው!"

ወንዶቹ በአንድነት ወደዚያ ሮጡ። እሱ ባለበት ሁልጊዜ እንደዚያ ነው፤ ወደ ጠቆመው ይኬዳል።

"ዞለካስ?" አልኩት ከአጥሩ ውጭ ሆኜ።

"ራሷን አሟት ተኝታለች፣ እማማ።" እንደ ወጉ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነው የመለሰልኝ። ሌላ ሰው እንደዚያ ቢመልስልኝ የሚደብቀው ነገር አለ እል ነበር። እሱ ግን አማቼ ነው።

"ዞለካ!" ብዬ ተጣራሁ። መልስ የለም። እጄን የአጥሩ በር ላይ አደረግሁ። ብረቱ በፀሐይ ግሏል።

ማድሎሞ ክንዴን ያዘችኝ። "ማምቶሎ፣ ምን ሆነሻል? ሳትጠሪ? በሰው ፊት ልጅሽን ልታዋርጃት ነው?"

"ፊሽካው የእሷ ነው።"

"ልጆች ናቸው የነፉት። ባሏ እዚሁ ቆሞ የለም እንዴ? ከሱ የበለጠ ጠባቂ ከየት ይመጣል?" ሌሎቹም ሴቶች ተስማሙ። አንዷ "አንሶላሽ አሸዋ ነካው" አለችኝ። ሉንጊሳ ወደ ቤት ተመለሰና በሩን ዘጋው። እኔም አንሶላዬን ሰብስቤ፣ ወንድሜን ይዤ ልመለስ ወደ ቤቱ ሄድኩ። ወንድሜ ኳስ እያየ ነበር። ጫማውን እስኪያስር ሰማይ የተደፋብኝ መሰለኝ።

ስንመለስ በሩ ክፍት ነበር። እሱ የለም። እሷ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ነበረች፣ ቀዩ ክር ተበጥሶ። ሰው ሁሉ ተረባርቦ በጎረቤት መኪና ወሰድናት። ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር። "መጣሁልሽ" እያልኩ ነገርኳት። ትስማ አትስማ አላውቅም። ሆስፒታል ሳንደርስ እጇ ቀዘቀዘ።

ሉንጊሳን ማክሰኞ ዕለት እህቱ ቤት ያዙት። ስለሱ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ከቀብሩ በኋላ ወደ ትምህርቱ አልተመለስኩም ነበር። ቴምበካ ሁለት ጊዜ መጥታ አብራኝ ተቀምጣ ሄደች። አዲሱ የወንጀል ቁጥር ወጣና ከጣቢያው አንድ መኮንን ለሰፈሩ ሊያስረዳ በመጣ ቀን ግን ጥቁር ልብሴን ለብሼ አዳራሹ ገባሁ። ሰው መንገድ ለቀቀልኝ። የፊት ወንበር ሰጡኝ።

መኮንኑ ወጣት ነው፤ ጥሩ አድርጎ አስረዳ። የመንገድ ዘረፋ አሁንም ቀንሷል አለ፤ ሰፈራችሁ በፊሽካው ለሌላው ምሳሌ ነው አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ወረቀቱን እያነበብኩ ነበር። ማንም ሳይረዳኝ ያንን መስመር አገኘሁት። አሁንም ጨምሯል ይላል።

እጄን አወጣሁ። "ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የእኔ ዞለካ እዚህ ቁጥር ውስጥ አለች?"

መኮንኑ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየኝ። ማን እንደሆንኩ አንዱ በጆሮው ነገረው። ባርኔጣውን አወለቀ። "አዎ እማማ። አለች።"

"ቁጥሩ ትልቅ ነው። የትኛዋ እንደሆነች አትታወቅም።"

"አትታወቅም፣ እማማ።"

ወደ ሰዉ ዞርኩ። የምናገረውን አላዘጋጀሁም ነበር። "እኛ ልጄ ጠርታን መጥተናል። ሁላችንም ዱላ ይዘን መጥተናል። ጀርባችንን ለበሯ ሰጥተን መንገዱን አየን። ከእንግዲህ ፊሽካ ሲነፋ በሩ ይንኳኳ። የየቤቱ ሴት፣ የየቤቱ ልጅ፣ ወጥታ ፊቷን ታሳይ። ሌላ የምለው የለኝም።"

ጉምጉምታ ተነሳ። "የሰው ትዳር በፊሽካ ሊፈተሽ ነው?" አለ አንድ ጎልማሳ ከኋላ። "ወግ የሚባል ነገርስ?"

አባባ ምፒንጋ ወንበር ተደግፈው ተነሱ። "ወጉን አንተ ሳትወለድ አውቀዋለሁ፣ ልጄ። እናትን በር ላይ ገትሮ ልጅ የሚያስበላ ወግ አባቶቼ አልነገሩኝም። የእኔን በር አንኳኩ። ሚስቴ ሰባ ዓመቷ ነው፤ ወጥታ ትሰድባችኋለች፣ በዚያ ደህና መሆኗን ታውቃላችሁ።" ጥቂት ሰው ሳቀ፤ ጥቂት ሰው አለቀሰ። ጎልማሳው ወጥቶ ሄደ። እሱን ተከትለው የወጡም ነበሩ። ሕጉ አለፈ ለማለት አልደፍርም።

ባለፈው እሁድ ፊሽካ ተነፋ። ይህኛው በእርግጥ የልጆች ነበር፤ ሁለቱ ሲሯሯጡ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ቢሆንም ጀመርኩ። አንኳኳሁ፣ "ፊትሽን አሳዪኝ" አልኩ። አንዷ በሳሙና የተሞላ ፊቷን አሳየችኝ። አንዷ "ኧረ ማምቶሎ፣ እንቅልፌን!" አለችኝ። አንዱ ባል በሩን ፊቴ ላይ ሊዘጋው ሲል ሚስቱ በብብቱ ሥር ብቅ ብላ "አለሁ፣ እማማ" አለችኝ። አመሰገንኳትና ቀጠልኩ።

ወደ ላይ ስወጣ ያ ቤት ላይ ደረስኩ። ማንም አልተከራየውም፤ አሸዋው ደፉን አልፏል። የአጥሩን በር ከፍቼ ገባሁ። ማንም አልጠራኝም። በሩን አንኳኳሁና "ዞለካ፣ ፊትሽን አሳዪኝ" አልኩ።

ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ማድሎሞ ናት። ክንዴን የምትይዘኝ መስሎኝ ነበር። አልያዘችኝም። ከአጠገቤ ቆመችና እሷም በሩን አንኳኳች።