ልብስ የምታሰጣው የኢቢዛ ሴትዮ

ጎሪ በስልሳ ዘጠኝ ዓመቱ አንዲት እውነት ነበረችው። የቀረው ሁሉ ውሸት መሆኑን ራሱም አይክድም። ከፍየል ጋር ካርታ ተጫውቶ መሸነፉ፣ ወይራ ዛፍ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ሲነቃ ቅርንጫፉ አድጎ ጎረቤት መንደር አድርሶት መገኘቱ፣ ይህ ሁሉ ለጨዋታ ማጣፈጫ ነው። አንዷ ግን የምር ናት፦ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ በታኅሣሥ ወር አንድ ማለዳ፣ ከሞላ ተራራ ጫፍ ላይ ቆሞ ከባሕሩ ማዶ የኢቢዛን ደሴት በዓይኑ በብረቱ አይቷል።

ጥፋቱ ይህችንም እንደ ሌሎቹ ማጣፈጡ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ደሴቷን አየሁ አለ። በሁለተኛው ዓመት ቤቶቿን ጨመረ። በአምስተኛው አንዲት ወፍራም ሴትዮ ሰገነት ላይ ልብስ ስታሰጣ አየ። በአሥረኛው ሴትዮዋ እጇን አውለበለበችለት፤ በሃያኛውማ ካልሲዋ አንድ እግሩ እንደ ጠፋባት ጮኻ ነገረችው። ከዚያ ወዲህ የመንደሩ የቤኒሙርታ ሰው ኢቢዛ የሚል ቃል በሰማ ቁጥር ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ከሳቅ አለፈ። የመንደሩ ተራራ ወጪዎች ማኅበር ሞላ ጫፍ ላይ ትልቅ የሸክላ ሰሌዳ ሊያቆም ነው። ሰሌዳው ከዚያ ላይ የሚታየውን ሁሉ በሥዕል እያሳየ ስሙን ይናገራል። የምትሠራው የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኤምፓር ናት፤ እሷም ሸክላ ሠሪ ናት፣ ከጎሪ ጋር አብራ ያደገች፣ እጇም ምላሷም የማይስት። አንድ ሐሙስ ቡና ቤቱ ውስጥ ንድፉን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ተራሮቹ አሉ፣ የመርከብ መብራቱ ማማ አለ፣ የብርቱካኑ እርሻ እንኳ አለ። በምሥራቅ በኩል ግን ሰማያዊ ብቻ።

«ኢቢዛስ?» አለ ጎሪ።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«አጎት ጎሪ፣» አለ ዳቦ ጋጋሪው ራፌል እንባውን እየጠረገ፣ «ደሴቷ ብቻ ነው ወይስ ካልሲውም ይሣልልዎት?»

ኤምፓር አልሳቀችም። «ስማ ጎሪ፣ ሸክላ አንዴ እሳት ከገባ አይፋቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይዘንህ ስንወጣ ከአንተ በቀር ያያት የለም። እሑድ የገናውን ግርግም ይዘን እንወጣለን አይደል? ከአንተ ሌላ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ካየ ስሟን እጽፋለሁ። ካልሆነ ባሕሩ ባዶውን ይቀራል፣ ሰኞ እቶኔን አነዳለሁ።»

ጎሪ ቤቱ ገብቶ ራቱ ፊት ማንኪያውን ይዞ ተቀመጠ። ሳቁ አይደለም ያስፈራው፤ ሳቅማ ቀለቡ ነው። ያስፈራው ሌላ ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ እሱም ሠላሳ ጊዜ ወጥቶ ሠላሳ ጊዜ አላያትም። ሴትዮዋን እንደ ፈጠራት ያውቃል፤ ደሴቷንስ? ሰው ለሌላው ሲዋሽ ጨዋታ ነው። ውሸቱ የት ጋ እንደ ጀመረ ለራሱ ሲጠፋው ግን ጨዋታው ያበቃል።

እስቲ ያችን ቀን ከሥሯ ላስታውስ አለና ማንኪያውን አስቀመጠ። ብርድ ነበር። ነፋሱ ከየብስ ነበር። እና ውሻው... ውሻው! ያን ቀን ስንቁን ደጃፍ ላይ እንዳስቀመጠ ውሻው ዳቦውን ከነመጠቅለያው ውጦበት፣ በንዴት ማንንም ሳይጠብቅ፣ የትም ሳይቀመጥ ቀጥ ብሎ ነበር የወጣው። ጫፍ ሲደርስ ፀሐይ ከባሕሩ ክንድ ያህል ብቻ ነበር ከፍ ያለችው።

ጎሪ ከወንበሩ ተነሣ። ለካ እስሞርሳር ነው!

በቤኒሙርታ ቀብር ሊዘገይ ይችላል፣ ሠርግም ይዘገያል፤ እስሞርሳር የሚሉት የረፋድ ምግብ ግን አይነካም። ግማሽ ክንድ የሚያህል ዳቦ በቋሊማና በእንቁላል ተሞልቶ፣ ወይራና ኦቾሎኒ ዙሪያውን ተበትኖ፣ ወይን ጠጁ ተቀድቶ፣ በመጨረሻ በተቃጠለ ሩም የተደባለቀ ቡና ይከተላል። ተራራ ሲወጡም ያው ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ ካለው ምንጭ ዘንድ ሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ። ጫፍ ሲደርሱ ቀትር ሊሆን ነው፣ ባሕሩ ጭጋግ ለብሶ ወተት መስሏል። የተራራው ስም ሞላ ነው፤ ሆዱን ሳይሞላ የወጣበት ግን የለም። ከጎሪ በቀር፣ እሱም በውሻ ጥፋት።

ታዲያ እስሞርሳሩን እንዝለለው ብሎ ቢለምንስ? ካልሲዋን ያመነው ቢገኝ ይህን የሚያምነው አይገኝም።

እሑድ ጎህ ሳይቀድ ጎሪ ከራፌል ዳቦ ቤት በር ላይ ቆመ።

«ሁለቱን ጆንያ ዳቦ እኔ ልውሰደው። ቀድሜ ምንጩ ዘንድ እሳት አነዳለሁ።»

«እርስዎ? ሥራ? በገዛ ፈቃድዎ?»

«ዕድሜ ነው ልጄ። ንስሐ እየገባሁ ነው።»

ራፌል ግንባሩን ዳሰሰለት፤ ትኩሳት የለውም። ጆንያዎቹን ትከሻው ላይ አደረገለትና የግርግሙን ድርሻውን ኪሱ ውስጥ ወተፈለት። ማኅበሩ በየዓመቱ የሸክላ ምስሎቹን ተካፍሎ ተሸክሞ ጫፍ ላይ ግርግም ይሠራል፤ አንዱ ማርያምን፣ አንዱ ዮሴፍን፣ አንዱ በሬውን። ለጎሪ ግን ሁሌም የሚደርሰው ያ ሱሪውን ዝቅ አድርጎ ከቁጥቋጦ ኋላ ሊጸዳዳ ቁጢጥ የሚለው የሸክላ ገበሬ ነው። ያለ እሱ ግርግም አይሟላም፣ ማሳ አያፈራም ይባላል፤ ለውሸታም የሚሰጥ ሹመት መሆኑን ግን ሁሉም ያውቃል።

ጎሪ ምንጩን አልፎ ወጣ። ጫፍ ላይ፣ ከምሥራቁ ገደል አፋፍ ካለው ድንጋይ ሥር ጆንያዎቹን ሸጎጠ። ባሕሩ ገና ጥቁር ነበር፤ የዓሣ አጥማጆች መብራት ሁለት ቦታ ብልጭ ይላል። ልጠብቅ ይሆን አለ። ልቡ እምቢ አለው። ባትኖርስ? ባዶ ባሕር ብቻውን ከሚያይ ከሃያ ሰው ጋር ቢያይ ይሻለዋል፤ ቢያንስ የሚስቅ አይጠፋም። ከጆንያው ኦቾሎኒ ዘግኖ፣ እየላጠ እየበላና በመንገዱ ላይ እያንጠባጠበ ወደ ምንጩ ወረደ።

ማኅበሩ ከተፍ ሲል ጎሪ ባርኔጣውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ፀጉሩን አንጨብርሮ ጠበቃቸው።

«ከርከሮ!» አለ። «በሬ የሚያህል! አንዱን ጆንያ በቀኝ ክራንቻው፣ አንዱን በግራው ሰቅሎ ሽቅብ ነጎደ!»

«ቁልቁል ሳይሆን ሽቅብ?» አለች ኤምፓር።

«ወደ ቤቱ ነዋ።»

ራፌል መሬቱን እያየ ጥቂት ተራመደ። ከመንገዱ ላይ አንድ ፍሬ ኦቾሎኒ አነሣ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ባዶ ልጣጭ። «አጎት ጎሪ፣ ከርከሮ ኦቾሎኒ ልጦ ይበላል እንዴ?»

«ይሄኛው የተማረ ነው።»

ማንም አላመነውም። ግን ዳቦው የለም፤ ዳቦ የሌለው የቤኒሙርታ ሰው ደግሞ አያስብም፣ ይሮጣል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ማኅበሩ እንደዚያ ቀን ተራራ ወጥቶ አያውቅም። ዮሴፍን የያዘው ማርያምን የያዘችውን ጥሏት ሄደ፤ በሬው ከአህያው ቀደመ። ከመካከላቸው አንድ ሰው «የቋሊማው ዳቦ የእኔ ነው!» እያለ ይጮኻል። ጎሪ ከኋላ እያለከለከ ፀሐይዋን ይሰልላል። ክንድ ተኩል። ቶሎ በሉ፣ ቶሎ በሉ፣ ይላል በሆዱ።

«አገኘሁት!» አለ ራፌል ከምሥራቁ አፋፍ። ሁሉም ተሰበሰቡበት። ጆንያው ተፈታ፣ ዳቦውን ተቀራመቱት፣ ሃያ ሰው ፊቱን ወደ ባሕሩ አድርጎ ተደረደረና ማኘክ ጀመረ።

ጎሪ ግን ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ቆመ። መዞር አቃተው። ዓይኑ የተተከለው በራፌል መንጋጋ ላይ ነው፤ ያ መንጋጋ ከተፈጠረ ጀምሮ ዳቦ ይዞ ቆሞ አያውቅም።

መንጋጋው ቆመ።

«ያ ምንድን ነው?» አለ ራፌል፣ አፉ እንደ ሞላ።

«ደመና ነው፣» አለ አንዱ።

«ደመና ጥርስ አለው እንዴ? ያውና፣ ተራራ ነው! አንድ፣ ሁለት... ኤምፓር! ኤምፓር ነይማ!»

ያኔ ጎሪ ዞረ። ከፀሐይዋ ግርጌ፣ ወርቅ በመሰለው ውሃ ጠርዝ ላይ፣ ጥቁር ሰማያዊ ሆና ተጋድማለች፤ ልክ እንደዚያን ቀን፣ ያው ጉብታዋ፣ ያው ረጅም ጅራቷ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። አልዋሸሁም፣ አለ ለራሱ። ኧረ አልዋሸሁም።

ኤምፓር እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች። «ሴትዮዋ የታለች ታዲያ?»

«እሑድ እኮ ነው። ቅዳሴ ሄዳለች።»

ራፌል የጆንያውን ገመድ አንሥቶ አየው። «አጎት ጎሪ፣ ይሄ ከርከሮ እንደ እርስዎ ነው ቋጠሮ የሚያስረው።»

«ማን አስተማረው መሰለህ?»

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጭጋጉ ባሕሩን ሸፈነው፣ ደሴቷም እንደ ስኳር ሟሟች። ግርግሙን ሲሠሩ ኤምፓር ሕፃኑን ከመሃረቧ ፈትታ ለጎሪ ዘረጋችለት። «ዘንድሮ አንተ አስተኛው።»

ጎሪ አስተኛው። ከዚያ ግን ቁጢጥ ያለውን ገበሬ ከኪሱ አወጣ። «ይሄንንም ሠላሳ ዓመት ተሸክሜዋለሁ፣ ዛሬ ፊት አልነሳውም። ፊቱን ወደ ኢቢዛ ላዙርለት።»

«ሱሪውን አውልቆ? ለሴትዮዋ ነውር ነው!» አለ ራፌል።

«እንግዲያው ጀርባውን።»

«እሱማ የባሰ!»

ሰሌዳው በጥር ወር ቆመ። ጎሪ መነጽሩን አድርጎ በምሥራቁ በኩል ፈለገ፤ አለች፣ ስሟም አለ። ጠጋ ሲል ግን ከደሴቷ ላይ ጉንዳን የምታህል ሰገነት፣ ከሰገነቷ ላይ ክር የሚያህል የልብስ ገመድ፣ በገመዱም ላይ አንድ እግር ካልሲ ታየው።

«ኤምፓር!» ብሎ ጮኸ። «ይሄ እኮ ውሸት ነው!»

«ምን ላድርግህ፣» አለች ዳቦዋን እየቆረሰች፣ «እሳት ገብቷል።»